የማን ቤት ፈረሰ?

ለጋዜጣ ሥራ ገና አዲስ በነበርኩበት ጊዜ የውጭ አገር የኪነ ጥበብ ወሬ እየተረጎምኩ አንድ ገጽ እንድሞላ ታዘዝኩ። ከወሬዎቹ አንዱ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ኮሜዲያን ነበር። ሴትዮዋ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ሰው ስታስቅ አምሽታለች። እንግሊዝኛው ታሪኩን ሲዘጋ «ብሮት ዘ ሃውስ ዳውን» ይላል። ቃሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ መዝገበ ቃላት የሚያስከፍት ነገር አላየሁም። «ሴትዮዋ ቤቱን አፈረሰችው» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ወሬ አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ዋና አዘጋጁ ጠሩኝ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«የማንን ቤት ነው ያፈረሰችው?»

«አዳራሹን… ማለት፣ ጋሼ፣ እንግሊዝኛው እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እሱን ተወውና፣ ባልየው ማን ነው?»

ጋሼ እየቀለዱብኝ ነበር፤ ቀልዱ ግን ትክክል ነው። በአማርኛ ሴት ቤት አፈረሰች ከተባለ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጉዳይ ተፈጥሯል ማለት ነው። ትዳር ፈርሷል፤ ልጆች ተከፋፍለዋል፤ የሆነች ሚስት እናቷ ቤት ገብታ እያለቀሰች ነው። ትዳር ካልሆነ ደግሞ የሚታየን ዶማ፣ ቡልዶዘርና አቧራ ነው። ሦስተኛ ትርጉም የለም፤ ቢያንስ ያን ቀን እንደሌለ ነበር የመሰለኝ። ጋሼ ዓረፍተ ነገሬን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙና ከላዩ «ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቸራት» ብለው ጻፉበት። ጭብጨባ በጋዜጣ አማርኛ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ነው፤ ሁልጊዜም ይቸራል።

እንግሊዝኛው ግን ከሞቅ ያለ ጭብጨባ በላይ ነው። አንድ ሰው «ብሪንግ ዘ ሃውስ ዳውን» አደረገ የሚባለው ተመልካቹ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ነው፤ ሲያጨበጭብ፣ ሲስቅ፣ ሲጮህ፣ ወለሉን በእግሩ ሲደበድብ፣ ጣሪያው ሊወርድ ነው እስኪባል ድረስ። ለጨዋነት የሚጨበጨብ ጭብጨባ እዚህ አይገባም። ሌላው ቁም ነገር ጊዜው ነው፤ ፈሊጡ የሚናገረው ስለ ቅጽበት ነው። አንድ ተውኔት ሦስት ዓመት ሙሉ ቢታይ ተሳካለት ይባላል። ቤቱን የሚያፈርሰው ግን በአንድ ማታ የተነገረች አንዲት መስመር ወይም ዘፋኟ ከፍ አድርጋ የያዘቻት አንዲት ድምፅ ናት።

ለመሆኑ «ቤቱ» ምንድን ነው? እኔን ያሳሳተኝ እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የቲያትር ሰዎች አፍ «ሃውስ» ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ራሱ ነው። ተዋናይ ከመጋረጃው ጀርባ «ቤቱ ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ስለ ቀለሙ አይደለም የሚጠይቀው፤ ስንት ሰው እንደመጣና ሰዉ ደስተኛ ይሁን ኩርፊያ ላይ ማወቅ ፈልጎ ነው። ከተመልካቹ ራስ በላይ ያለው መብራት የቤት መብራት ይባላል። ትኬት ቆራጩና ወንበር አስያዡ የሚሠሩት በቤት ፊት ነው። ትኬት ሲያልቅ ቤቱ ሞልቷል። ትኬት አልሸጥ ሲል ደግሞ ለዘመድና ለወዳጅ በነፃ አድለው ወንበሩን ይሞሉታል፤ ይህን ቤቱን ወረቀት ማልበስ ይሉታል፤ ወረቀቱ ነፃ ትኬቱ ነው። ቤቱ ገንዘብም ነበር። በድሮው የለንደን ልማድ የተውኔት ደራሲ የሚከፈለው ከሦስተኛው ማታ ገቢ ስለነበር፣ ሥራው ሁለት ማታ ታይቶ ከተነሳ ባዶ እጁን ይቀራል። የሦስተኛው ማታ ቤት ለደራሲው የቤት ኪራይ ነው።

ስያሜው የመጣው ከሕንፃው ነው። እንግሊዞች ድራማን «ፕሌይ» ማለትም ጨዋታ ይሉታል፤ የሚታይበትን ሕንፃ ደግሞ ፕሌይሃውስ፣ የጨዋታ ቤት። በ1576 እ.ኤ.አ. ጄምስ በርቤጅ የተባለ አናጢም ተዋናይም የነበረ ሰው ለንደን ዳር ሾርዲች በሚባል ሠፈር አንድ የጨዋታ ቤት ሠራ፤ ስሙንም «ዘ ቲያትር» አለው። ቤቱ የርሱ ነው፤ መሬቱ ግን የሌላ ሰው። የኪራይ ውሉ ጊዜ ሲያልቅ ባለመሬቱ ማደሻውን እያስቸገረ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሆነ። በርቤጅ በመካከሉ ሞተ። በ1598 መጨረሻ፣ በገና ሰሞን፣ ባለመሬቱ ከከተማ ወጣ ሲል የበርቤጅ ልጆች አናጢ ይዘው መጡና ቤቱን ነቃቀሉት። እንጨቱን ቴምዝ ወንዝን አሻግረው በ1599 ሌላ የጨዋታ ቤት አቆሙበት፤ ሼክስፒር ባለድርሻ የሆነበት ግሎብ የተባለው ዝነኛ ቲያትር ይኸው ነው። ተዋንያን የራሳቸውን ቤት በራሳቸው እጅ ያፈረሱበት ታሪክ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አጨብጫቢ ግን አልነበረውም፤ ባለመሬቱም ሲመለስ አላጨበጨበም፤ ከሰሳቸው።

ፈሊጡ ራሱ በእንግሊዝኛ የታየው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1700ዎቹ አጋማሽ ነው። ያ ዘመን ለዚህ አባባል የተሠራ ይመስላል። የዛሬ ቲያትር ውስጥ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ነው የምንቀመጠው። ያኔ ግን ሻማው ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ከተመልካቹም በላይ ይበራል፤ ሰው መድረኩን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሱም ይተያያል። መሬት ላይ ያለው በአግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ ጌቶቹ በየሳጥናቸው ናቸው፤ ከላይ ሰገነቱ ላይ በርካሽ የገባው ሕዝብ አለ። ካልወደደ ያፏጫል፤ ብርቱካንም ይወረውራል። ከወደደ በዱላም በእግሩም ይደበድባል። ሰገነቱ እንጨት ነው፤ ወለሉም እንጨት ነው። መቶ ሰው ከራስህ በላይ እንጨት ሲደበድብ ቤቱ ሊፈርስ ነው ለማለት ባለቅኔ መሆን አያስፈልግም።

በጥቅምት 1741 ጉድማንስ ፊልድስ በተባለ የምሥራቅ ለንደን ሠፈር፣ በአንዲት ትንሽ ቲያትር፣ ዴቪድ ጋሪክ የሚባል የ24 ዓመት የወይን ነጋዴ ሪቻርድ ሦስተኛን ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ። በ1737 በወጣ ሕግ መሠረት የቃል ድራማ ማሳየት የሚችሉት ፈቃድ ያላቸው ሁለት ቲያትሮች ብቻ ነበሩ፤ የጉድማንስ ፊልድሱ አልነበረውም። ዘዴው የሚገርም ነው፤ ትኬቱ የሙዚቃ ዝግጅት ተብሎ ይሸጣል፤ ድራማው በሙዚቃው እረፍት ላይ «በነፃ» ይታያል። ማስታወቂያውም ተዋናዩ ከዚህ በፊት መድረክ ረግጦ የማያውቅ ወጣት መሆኑን ይናገራል፤ ይህም ውሸት ነበር፤ በዚያው ክረምት ኢፕስዊች በምትባል ከተማ ሲጫወት ከርሟል። ብቻ ጋሪክ እንደሌሎቹ ቃሉን እየጎተተ የሚያንበለብል አልሆነም፤ እንደ ሰው ተናገረ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ የመኳንንቱ ሠረገላ ከምዕራብ ለንደን እየነጎደ ያንን የዳር ሠፈር ያጨናንቀው ጀመር። ቤት ማፍረስ ማለት እንዲህ ነው።

እዚያው ሠፈር አካባቢ ግን በ1828 ቤት በእውነት ፈረሰ። በእሳት በወደመ የቀድሞ ቲያትር ቦታ ብራንስዊክ የተባለ አዲስ ቲያትር ተሠርቶ በየካቲት መጨረሻ ተከፈተ። ጣሪያው የብረት ነበር፤ ያን ጊዜ ብረት አዲስ ፋሽን ነው፤ እሳት አይበላውም ተብሎ። ግድግዳው ግን ያን ያህል ክብደት የሚችል አልነበረም። በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ተዋንያኑ ልምምድ ላይ ሳሉ፣ ጣሪያው ከነግድግዳው ወረደ። ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። ቀን በመሆኑ ነው እንጂ ማታ ቢሆን ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በለንደን የቲያትር ሰዎች ዘንድ ያንን ፈሊጥ መናገር ትንሽ ሳይከብድ አልቀረም ብዬ አስባለሁ፤ ግን ፈሊጥ ሐዘን አያውቅም፤ ቀጠለ።

ሰውን አጫውቶ በዚያው ቤቱንም ያፈረሰ አንድ ሰው የኛ አንባቢ ያውቃል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16 ሶምሶን ዓይኑ ጠፍቶ በሰንሰለት ታስሮ የቀረበው ፍልስጥኤማውያንን እንዲያጫውት ነው። ጣሪያው ላይ ብቻ ሦስት ሺህ ያህል ወንድና ሴት ቆሞ ያየዋል። እሱም ሁለቱን ምሰሶዎች ገፋቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰባኪዎች ይህችን ፈሊጥ እዚህ ቦታ ላይ ሳያነሱ ማለፍ አይሆንላቸውም። ቀልዱ ያረጀ ነው፤ ግን ደግሞ ልክ ነው።

ሁለተኛው ንጉሥ ነው። ኔሮ ቄሣር መዝፈን ይወድ ነበር፤ የመጀመሪያውን የአደባባይ ዝግጅቱን ያቀረበው ኔፕልስ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ እንደሚለው ዘፈኑን ሲጀምር የመሬት መንቀጥቀጥ ቲያትሩን ናጠው፤ ኔሮ ግን እስኪጨርስ አላቆመም። ታሲተስ የጻፈው ደግሞ ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ባዶው ቲያትር መፍረሱንና ኔሮ ማንም ባለመጎዳቱ ለአማልክቱ የምስጋና መዝሙር መድረሱን ነው። አስቡት፤ ቤቱ ሲፈርስበት እንኳ አዲስ ዘፈን አወጣበት።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የኔሮ ጭብጨባ ነው። ከእስክንድርያ በመጡ ሰዎች አጨባጨብ ተማርኮ ከአምስት ሺህ በላይ ጎረምሶች አስመልምሎ ጭብጨባ አሠለጠናቸው። የጭብጨባው ዓይነትም ስም ነበረው። አንደኛው የንብ እምታ ነው። ሁለተኛው የጣሪያ ክዳን ይባላል፤ ሦስተኛው ሸክላ፤ አንዱ በጎደጎደ እጅ፣ ሌላው በተዘረጋ መዳፍ የሚመታ ሳይሆን አይቀርም። ጣሪያና ሸክላ! ሰውዬው ቤት የሚፈርስበትን ድምፅ ደመወዝ ከፍሎ ነው ያሠራው። ነገሩ ከኔሮ ጋር አልሞተም። በ1800ዎቹ በፓሪስ ቲያትሮች ደመወዝተኛ አጨብጫቢዎች ነበሩ፤ የፓሪስ ሰው የሚጠራቸውም «ሮማውያን» እያለ ነው። አለቃቸው ልምምድ ላይ ተገኝቶ የት ቦታ እንደሚጨበጨብ ያጠናል። ከነሱ ውስጥ በትእዛዝ የሚስቁ አሉ፤ መሐረብ አውጥተው የሚያለቅሱ ሴቶችም አሉ፤ «ይደገም!» እያሉ የሚጮኹም አሉ። እኛ አልቃሽ እንደምናስመጣው እነሱ ደግሞ አሳቂ ያስመጣሉ።

እንዲህ ያለው ጭብጨባ ግን ቤት አፈረሰ አይባልም። ፈሊጡን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ይለየዋል። የታዘዘ ጭብጨባ አንድ ላይ ይጀምራል፤ አንድ ላይም ያበቃል። ቤት የሚያፈርሰው ግን ከአንድ ጥግ ይነሣል፤ ያልገባው ሰው ከጎኑ ያለውን አይቶ ይስቃል፤ ካለቀ በኋላ እንኳ አንድ ሰው ትዝ ብሎት ብቻውን ሲፈነዳ ሁሉም እንደገና ይነሣል።

በቅርቡ ደግሞ ይህ ነገር በመሣሪያ ተለክቷል። ጥር 8 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ማርሻውን ሊንች የተባለ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ተከላካዮችን እያራገፈ ሮጦ ነጥብ ሲያስቆጥር ተመልካቹ ዘለለ፤ ከስታዲየሙ አጠገብ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያም መዘገበው። በሐምሌ 2023 እዚያው ስታዲየም ቴይለር ስዊፍት ሁለት ማታ ዘፈነች። የዚህኛው ንዝረት 2.3 ከሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ተነጻጸረ። ይበልጥ ደስ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ የሁለቱ ማታዎች መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ በጣም ይመሳሰላል፤ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበርና ሰዉም በሁለቱም ማታ እዚያው እዚያው ቦታ ላይ ነው የዘለለው። ስታዲየሙ አልፈረሰም።

ወደ አጠቃቀሙ ልመለስ። ፈሊጡ የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ ብቻ የሚጠቀምበት አይደለም፤ በየቀኑ ይነገራል፤ ለትንሽ ቦታም ይሆናል። ዋሽንግተን አካባቢ በሀበሻ ሠርግ ላይ አጎት ተነሥቶ ስለ ሙሽራው ልጅነት አንዲት ወሬ ቢያወራና ድንኳኑ ቢናጋ፣ እዚያ ያደጉት ልጆች በማግሥቱ አጎታቸውን ቤቱን አፈረስከው ሊሉት ይችላሉ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ምስጋና ነው። በአማርኛ ተርጉመው ቢሉት ግን በሠርግ ማግሥት የማይባል ነገር ነው ያሉት። የፈሊጡን ሁለት ጎረቤቶችም ከሱ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «ትርዒቱን ሰረቀ» የሚባለው ሌሎቹን አስረስቶ ዓይን ሁሉ ወደሱ የዞረለት ሰው ነው፤ ይህ ያለ ጭብጨባም ይሆናል፤ ሕፃን ልጅ መድረክ ላይ ቢያዛጋ ትርዒቱን ሰርቋል። «ትርዒቱን አቆመ» ደግሞ ቃል በቃል ነው፤ ጭብጨባው ረዝሞ ተዋንያኑ መቀጠል ሲያቅታቸው። «ጣሪያውን ማንሣት» የሚባልም አለ፤ እንግሊዝኛ በአንድ በኩል ቤቱን ወደታች ይጥላል፤ በሌላ በኩል ጣሪያውን ወደላይ ያነሣል፤ ትርጉሙ ግን የተቀራረበ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ በፈሊጡ ይጫወትበታል። ቤን ሜዝሪክ ቁማር ቤቶችን በሒሳብ ስላሸነፉ የኤም አይ ቲ ተማሪዎች ለጻፈው መጽሐፍ ርእስ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በቁማር እንግሊዝኛ «ቤቱ» ማለት አጫዋቹ ድርጅት ነውና።

እሺ፤ በአማርኛስ? የኛ ቤት አይፈርስም፤ ይቀልጣል። ሠርግ ቤት «በእልልታ ቀለጠ» እንላለን፤ ጭፈራ ይቀልጣል፤ ጩኸት ይቀልጣል። የሚያቀልጠውን ደግሞ ተመልከቱ። «ሕዝቡ ጭብጨባውን አቀለጠው» ስንል አድራጊው ሕዝቡ ነው። እንግሊዝኛው ሥራውን ሁሉ መድረክ ላይ ለቆመው ይሰጠዋል፤ እሷ አፈረሰችው፤ ቤቱ ተደራጊ ነው። አማርኛው የሚያመሰግነው ወንበሩን ነው። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ግጥሙን «ተቀበል» ብሎ የሚሰጠው ተመልካቹ ነው፤ አዝማሪው ቤት መትቶ ሲመልስለት የሚፈነዳውም ከፊል የራሱ በሆነ ቀልድ ነው። የዛሬ ወጣት «መድረኩን ቀወጠው» ሲል ግን አድራጊነቱ ወደ ዘፋኙ ተመልሷል፤ ለእንግሊዝኛው የቀረበው ይኼኛው ነው። ወዳጃዊ ትርጉም ላይ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለሽማግሌ ተዋናይ ግን አይሆንም፤ የ80 ዓመት አንጋፋ ሼክስፒርን ተጫውተው «ቀወጡት» ማለት ያስቸግራል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ የገባኝ። አንዱ ትናንት ያየውን ቀልድ ሲተርክ «በሳቅ ፈረስን» አለ። ሁላችንም እንላለን፤ በሳቅ ፈረስኩ፤ በሳቅ ፍርስ አሉ። አማርኛ ሦስተኛውን መፍረስ ከጥንትም ነበረው፤ የሚፈርሰው ቤት ሳይሆን ሰው ስለሆነ ነው ያላየሁት። እንግሊዝኛው «ቤት» የሚለው ደግሞ መጀመሪያውኑ ሰውን ነው። ያ ግሴ ልክ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ቀዩ እስክሪብቶ በእጄ ቢሆን «ቤቱን» የሚለውን «አዳራሹን» አድርጌ፣ ከ«አፈረሰችው» ፊት «በሳቅ» የምትል አንዲት ቃል እሰካ ነበር። ጋሼ ግን ያኔም ቢሆን የባልየውን ስም ሳይጠይቁኝ አይቀሩም ነበር።